አሮጌውን ሞተር ማን ይንካው?

በግቢያችን ጥግ፣ በሸራ ተሸፍኖ፣ የአባቴ ሞተር ብስክሌት ዐሥራ አንድ ዓመት ቆሟል። ታናሽ ወንድሜ «ሸጠን እንገላገለው» ይላል። ያጎቴ ልጅ ደግሞ «ብረቱን ቆርጠን፣ ማርሚታውን አሳጥረን ዘመናዊ እናድርገው» ባይ ነው። እኔ በሁለቱም አልተስማማሁም። ባለፈው ክረምት ካቻቢቴና ፒንሳ ይዤ አጠገቡ ተቀመጥሁ።

የመጀመሪያው ትምህርት ትዕግሥት ነበር። የዛገ ብሎን በጉልበት ቢታገሉት ይበጠሳል፤ ዘይት አጠጥተው ቢያሳድሩት ግን ይላላል። ካርቡራተሩን ስፈታው በጠባቧ ቀዳዳ ውስጥ የደረቀ ቤንዚን እንደ ሙጫ ተጋግሮ አገኘሁ። ለካስ ሞተሩ አልሞተም፤ ጉሮሮው ነው የታነቀው! ከፊት መብራቱ ሥር ደግሞ አባቴ በቀጭን ሽቦ ጠፍሮ ያሰረው መያዣ አለ። አዲስ መያዣ ቢገባለት ያምር ነበር። ነገር ግን ያ ሽቦ ለእኔ የአባቴ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ አልነካሁትም። ፍሬኑን ግን ሳላመነታ ለወጥሁ። ለትዝታ ብሎ ነፍስን ማስያዝ ሞኝነት እንጂ ታማኝነት አይደለም።

«እንግዲያው አሮጌ ነገር አይሻሻል ማለትህ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ኒውዚላንዳዊው በርት መንሮ በ1920 እ.ኤ.አ. የገዛት ኢንዲያን ስካውት በሰዓት ከ90 ኪሎ ሜትር የማትዘል ነበረች። እርሱ ግን በመኖሪያው፣ ፒስተኑን ሳይቀር ከቁርጥራጭ ብረት እያቀለጠ በገዛ እጁ እየሠራ፣ 600 ሲሲ የነበረውን ሞተር ወደ 950 አሳደገው። በ1967 እ.ኤ.አ.፣ በ68 ዓመት ዕድሜው፣ በአሜሪካ ቦነቪል የጨው ሜዳ ላይ በሰዓት ከ295 ኪሎ ሜትር በላይ በርሮ ከ1000 ሲሲ በታች በሆኑት ምድብ ክብረ ወሰን ሰበረ።

መንሮ ያልለወጠው ክፍል ጥቂት ነው። ታዲያ ሞተሯን አጠፋት እንበል? አንልም። ከአርባ ዓመት በላይ አብሯት እየኖረ፣ የእያንዳንዱን ብረት ጠባይ እያወቀ ነውና የለወጣት። የእኛው የቅኔ ቤት ሥርዓትም ይህንኑ ይመስላል። ተማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ልኩን፣ ዜማውን፣ ሰዋስውን ያጠናል። ቅኔ በየጊዜው አዲስ መሆን አለበት፤ ነገር ግን አዲስ የመናገር መብት የሚገኘው አሮጌውን ጠንቅቆ በማወቅ ነው።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ያላወቅኸውን አትቁረጠው። የተሰበረ ይጠገን፣ የሚያሰጋ ይለወጥ፤ ለጌጥ ብሎ መቁረጥ ግን ሳያነቡ እንደ መሰረዝ ነው። የተቆረጠ ብረት ቢበየድም ጠባሳው አይጠፋም።

ያጎቴን ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲያግዘኝ ለምኜዋለሁ። ሞተሩን ፈትቶ፣ አንድም ብሎን ሳይተርፈው መልሶ የገጠመው ዕለት፣ መጋዙ የት እንዳለ እነግረዋለሁ። ያን ጊዜ ግን መቁረጥ የሚያምረው አይመስለኝም።