ሴናተሩን ሕዝብ ይምረጠው፤ የእኛም አንቀጽ 61 ይሞከር

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የምኖርበት ሕንጻ ላይ ጡረታ የወጣ ጠበቃ ጎረቤት አለኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ የሕገ መንግሥት ነገር ከተነሳ ግን አይቻልም። የምርጫ ሰሞን ባገኘኝ ቁጥር «ይህቺ አገር የተበላሸችው በ1913 ነው» ይለኛል። በዚያ ዓመት የጸደቀው 17ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሴናተሮችን የመምረጥ ሥልጣን ከግዛት ምክር ቤቶች ወስዶ ለሕዝብ ሰጠ። ጎረቤቴ ሥልጣኑ ለምክር ቤቶቹ ይመለስ ባይ ነው። ብቻውንም አይደለም፤ የጆርጂያው ሴናተር ዜል ሚለር በ2004 ማሻሻያው እንዲሻር ሐሳብ አቅርቦ ነበር። እኔ ኢንጅባራ ውስጥ ሥነ ዜጋ ሳስተምር ኖሬ የመጣሁ፣ እዚህም በምርጫ ቀን ጣቢያ ውስጥ የማገለግል ሰው ነኝና አልስማማም። (የአሜሪካን ጉዳይ የማወሳባቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጎረቤቴ ክርክር እንዲሁ የሚጣል አይደለም። በ1787 ፊላደልፊያ ላይ ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ የፔንሲልቬኒያው ጄምስ ዊልሰን ሴናተሮችንም ሕዝብ ይምረጥ ብሎ ነበር፤ ከራሱ ግዛት በቀር የደገፈው አልተገኘም። ያሸነፈው የዴላዌሩ ጆን ዲኪንሰን ሐሳብ ነው፦ በተወካዮች ምክር ቤት ሕዝቡ ይወከል፣ በሴኔት ግዛቶቹ። ሴናተሩ ወንበሩን ያገኘው ከግዛቱ ምክር ቤት ከሆነ፣ ፌዴራል መንግሥቱ የግዛቶችን ሥልጣን ሲነጥቅ ወይም በጀት ሳይሰጥ ግዴታ ሲጭንባቸው «እምቢ» የሚልላቸው ይኖራል። ዛሬ ግን፣ ይላል ጎረቤቴ፣ ሴናተሩ የሚፈራው ለዘመቻው ገንዘብ የሚልኩለትን ለጋሾች ነው፤ ብዙዎቹም ግዛቱን ረግጠውት አያውቁም። ስለ ገንዘቡ እውነቱን ነው።

ይሁንና ሴናተርን በምክር ቤት የማስመረጥ አሠራር ገና የሚሞከር ሐሳብ አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በላይ ተሠርቶበታል፣ ውጤቱም ተጽፎ ይገኛል።

በ1899 የሞንታናው የመዳብ ከበርቴ ዊልያም ክላርክ ሴናተር መሆን ፈለገ። መራጮቹ ሄለና ከተማ የሚሰበሰቡት የግዛቱ ምክር ቤት አባላት ብቻ ስለነበሩ ሕዝቡን ማሳመን አላስፈለገውም። ፍሬድ ዋይትሳይድ የተባለ የምክር ቤት አባል ለጉቦ የቀረበ ነው ያለውን 30,000 ዶላር በየፖስታው እንዳለ አምጥቶ አሳየ። ምክር ቤቱ ይህንን አይቶም ክላርክን መረጠ። የሴኔቱ ኮሚቴ ምርጫው አይጸናም ሲል ክላርክ ቀድሞ በ1900 ለቀቀ። በዓመቱ የግዛቱ ምክር ቤት እንደገና መረጠውና እስከ 1907 ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል ሞንታና ድረስ ይሠራል።

ከጉቦው ሌላ ደግሞ እልህ ነበር። የዴላዌር ምክር ቤት በ1895 በ114 ቀናት 217 ጊዜ ድምፅ ሰጥቶ ማንንም ሳይመርጥ ተበተነ። ከ1901 እስከ 1903 ግዛቲቱ በሴኔት ውስጥ አንድም ሴናተር አልነበራትም። የግዛቱን ድምፅ ያስከብራል የተባለው አሠራር ግዛቱን ድምፅ አልባ አደረገው።

ለእኔ ግን ከጉቦውም ከእልሁም የሚከፋው ሌላ ነው። በ1858 አብርሃም ሊንከንና ስቲቨን ዳግላስ ለአንድ የሴኔት ወንበር በኢሊኖይ ሰባት ከተሞች እየተዘዋወሩ ተከራከሩ። ክርክሩ እስከ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ይነበባል። በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ግን የሁለቱም ስም አልነበረም። ሊንከንን የፈለገ ገበሬ የሊንከንን ፓርቲ ሰው ለግዛቱ ምክር ቤት ከመምረጥ ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ ያ ሰው ለአካባቢው መንገድና ትምህርት ቤት ምን እንዳሰበ የሚጠይቅበት ጊዜ አልነበረም። በመጨረሻም ምክር ቤቱ ዳግላስን 54 ለ 46 መረጠ። እንግዲህ የግዛቱን ምክር ቤት ያጠናክራል የሚባለው ሥርዓት የግዛቱን ምርጫ የሴኔት ምርጫ መሸጋገሪያ አደረገው ማለት ነው። ጎረቤቴ ይህንን ሳነሳበት ወሬ ይቀይራል።

«ያ ዘመን አልፏል፣ የዛሬ ምክር ቤቶች ይሻላሉ» ለሚል የ2018ቱን ዊስኮንሲን ላስታውሰው። ለግዛቱ የታችኛው ምክር ቤት በተደረገው ምርጫ ዴሞክራቶች ከግማሽ በላይ ድምፅ አገኙ፤ ከ99 ወንበሮች 63ቱን የያዙት ግን ሪፐብሊካኖች ናቸው። ሚስጥሩ በምርጫ ክልሎቹ ካርታ ላይ ነው፤ ካርታውን የሠራው ደግሞ ራሱ ምክር ቤቱ ነበር። በዚያው ቀን የግዛቱ ሕዝብ ዴሞክራቷን ታሚ ባልድዊንን በሰፊ ልዩነት ለሴኔት መረጠ። ምርጫው በምክር ቤቱ እጅ ቢሆን ኖሮ ባልድዊን አትታሰብም ነበር። በተቃራኒው ወገን ካርታ የተሠራበት ግዛት ካለ እዚያም ያው ነው። የግዛቱን ዳር ድንበር ግን ለምርጫ ሲባል የሚያጣምም የለም፤ የሴኔት ምርጫ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው።

የእኛን ሜሪላንድ ብንወስድ፣ ምክር ቤቱ በዴሞክራቶች የተሞላ ስለሆነ ሴናተር የሚሆነው ሰው ጉዳይ በፓርቲው ስብሰባ ላይ ባለቀ ነበር። በ2024 ግን ሁለት ጊዜ አገረ ገዥ የነበረው ሪፐብሊካኑ ላሪ ሆጋን ከአንጄላ ኦልሶብሩክስ ጋር ተወዳደረ። ያን ሰሞን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ የሐበሻው ወሬ ይኸው ነበር። «ሆጋን ሲያስተዳድረን ደኅና ነበር» ይላል አንዱ። «እሱስ ልክ ነህ፣ ግን እሱ ከገባ ሴኔቱ በማን እጅ ይወድቃል?» ይላል ሌላው። ኦልሶብሩክስ አሸነፈች፤ ሆጋን ግን በግዛቲቱ ትራምፕ ካገኘው በግልጽ የበለጠ ድምፅ አገኘ። ሰው ፓርቲና ሰው ለይቶ መዝኗል ማለት ነው። ይህንን ሚዛን ከቡናው ጠረጴዛ አንስቶ አናፖሊስ ለሚሰበሰበው የግዛቱ ምክር ቤት መስጠት ምን ይጠቅማል? ኢስተርን ጎዳናን ተሻግሮ ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖረው ባልንጀራዬ በዚህ ክርክር ይስቃል፤ እሱ ግብሩን እየከፈለ ሴናተር የሚባል የለውም።

ወደ ዘመቻው ገንዘብ ልመለስ። ምክር ቤት ቢመርጥ ገንዘቡ አይጠፋም፤ መንገዱን ነው የሚቀይረው። ሚሊዮን መራጮችን ለማሳመን የሚወጣ ገንዘብ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ይታያል፣ ተቀናቃኝም ይመልስበታል። ጥቂት ደርዘን አባላትን ለመያዝ የሚወጣው በፖስታ ውስጥ ነው። በ2008 የኢሊኖዩ አገረ ገዥ ሮድ ብላጎየቪች በኦባማ ፋንታ ሴናተር የመሰየም ሥልጣኑን ሊሸጥ ሞክሯል ተብሎ ተያዘ፤ ኋላም ተፈረደበት። ሹመቱ በአንድ ሰው እጅ ስለነበር ነው ለገበያ የቀረበው።

ይህንን ሁሉ ለአዲስ አበባ ጋዜጣ አንባቢ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ኢንጅባራ ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ የአዊን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ተወካይ ማን መረጠው?» አለኝ። የክልሉ ምክር ቤት ባሕር ዳር ላይ እንደሚመርጠው ነገርኩት። «እኛስ?» አለ። መልሱ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 61 ውስጥ አለ፦ የክልል ምክር ቤቶች አባላቱን ራሳቸው ሊመርጡ ወይም በቀጥታ በሕዝብ እንዲመረጡ ሊያደርጉ ይችላሉ። ሁለተኛውን መንገድ እስከ ዛሬ የሞከረ ክልል የለም። ወንበሮቹንም ብዙ ጊዜ የክልል ሹማምንት ደርበው ይይዟቸዋል። በንጉሡ ዘመን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላትን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ከ1923ቱ ሕገ መንግሥት ጀምሮ ብንቆጥር፣ በአገራችን ሁለተኛ ምክር ቤት በሕዝብ ድምፅ ተመርጦ አያውቅም።

የፌዴሬሽን ምክር ቤቱ ደግሞ ተራ ምክር ቤት አይደለም። ሕገ መንግሥቱን ይተረጉማል፣ የክልሎችን የድጎማ ቀመር ይወስናል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ምርጫው ሲራዘም የምክር ቤቶችን የሥራ ዘመን ያራዘመውም እሱ ነው። ድምፅ የምንሰጥበትን ጊዜ ከገፉት ሰዎች መካከል ለዚያ ወንበር በሕዝብ ድምፅ የተመረጠ አንድም አልነበረም።

ችግር የለበትም አልልም። የእኛ ምክር ቤት የሚወክለው ብሔርን፣ ብሔረሰብንና ሕዝብን እንጂ ግዛትን አይደለም፤ ተቀላቅሎ በሚኖርበት ከተማ ማን ለማን ድምፅ ይሰጣል? ስለዚህ ከሚቀለው ይጀመር። እንደ አዊ የራሳቸው ምክር ቤት ያላቸው የብሔረሰብ አስተዳደሮች ወሰናቸው የታወቀ ነው፤ ነዋሪው ሁሉ ለክልል ምክር ቤት በሚመርጥበት ቀን አንድ ወረቀት ይጨመርለት። በትውልድ አገሬ ዛሬ ምርጫ ቀርቶ መንገድ መሄድም እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ እንግዲያው ሰላም ያለው ሌላ ክልል ይቅደም።

ሕገ መንግሥት መቀየር አያስፈልግም፣ አሜሪካኖቹን ግን ማሻሻያ አስፈልጓቸዋል። ለእኛ የአንድ ክልል ምክር ቤት ውሳኔ ይበቃል። የክልል ምክር ቤት እጩዎች ድምፅ ሊጠይቋችሁ ሲመጡ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤቱን ወንበር ለእኛ ትተዉልን ይሆን ብላችሁ ጠይቋቸው።