ኔትዎርክ ሲቋረጥ፦ የ50 ሚሊሰከንዱ ደረጃ ከወዴት መጣ? ለአፋምቦስ ምን ይፈይዳል?

አፋምቦ የአዋሽ ወንዝ ጉዞውን በሚያበቃበት አካባቢ፣ በጅቡቲ ድንበር የምትገኝ ወረዳ ናት። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ሞልቶ በአፋር ክልል በርካታ ነዋሪዎችን አፈናቅሏል። ከላይኛው ተፋሰስ የሚላክ ማስጠንቀቂያ በጊዜ መድረሱ ለታችኛው ተፋሰስ ገበሬ የህልውና ጉዳይ ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ገበያውም ከስልኩ ጋር ተቆራኝቷል። ለመሆኑ መሥመር ሲበጠስ አገልግሎቱ በምን ያህል ጊዜ መመለስ ይኖርበታል?

የቴሌኮም መሐንዲሶች የተለመደ መልስ 50 ሚሊሰከንድ ነው፤ ይኸውም የአንድ ሰከንድ ሃያኛ እጅ። መለኪያው የተወለደው ኔትዎርክ በዋናነት የድምፅ ጥሪ ያስተላልፍ በነበረበት ዘመን ነው። ከ50 ሚሊሰከንድ ያልበለጠ መቋረጥ ለተነጋጋሪዎቹ እንደ አጭር ኳኳታ ቢሰማ ነው። ክፍተቱ ሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ሲደርስ ግን የቀድሞዎቹ መሣሪያዎች መሥመሩን እንደሞተ ቆጥረው ጥሪዎቹን ሁሉ ይዘጉ ነበር። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደረጃም ይህንኑ ቁጥር ለቀለበት ቅርጽ የፋይበር መሥመሮች አጸናው፤ ቀለበቱ ከ1,200 ኪሎ ሜትር ካነሰና ሌላ ብልሽት ከሌለበት፣ በአንድ ወገን የተበጠሰው በሌላው ወገን በ50 ሚሊሰከንድ ውስጥ እንዲዞር ይጠይቃል።

ደረጃው ግን ሁለተኛ መንገድ መኖሩን ታሳቢ ያደርጋል። በአንድ መሥመር ብቻ ለተንጠለጠለ ከተማ የመመለሻው ጊዜ የሚለካው በሚሊሰከንድ ሳይሆን የጥገና ባለሙያዎች መኪና በሚወስድበት ሰዓት ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ሥር ያሉ ሦስት ዓለም አቀፍ ገመዶች ሲበጠሱ ጥገናው ወራት ቢወስድም፣ ሌላ አቅጣጫ የነበራቸው ድርጅቶች አገልግሎታቸውን ወደዚያ አዙረዋል። የባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያም ከዓለም ጋር የምትገናኘው እንደ ጅቡቲ ባሉ ጎረቤቶች በኩል በመሆኑ፣ ጉዳዩ ይመለከታታል።

ለጎርፍ ማስጠንቀቂያም ሆነ ለገንዘብ ዝውውር የጥቂት ሰከንድ መዘግየት አይጎዳም፤ የሙሉ ቀን መቋረጥ ግን ይጎዳል። ስለዚህ ነዋሪው የአገልግሎት ሰጪዎችን ፍጥነት ብቻ ሳይሆን መሥመሩ ከስንት አቅጣጫ እንደሚመጣ፣ ሁለቱ መሥመሮች በአንድ መንገድና በአንድ ድልድይ ላይ እንዳያልፉ፣ መብራት ሲጠፋም ማማው በባትሪ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ መጠየቅ ይገባዋል። አንድ ጎርፍ ሁለቱንም መሥመሮች የሚወስድ ከሆነ፣ መጠባበቂያው ከወረቀት አያልፍም።