ከሊኑክስ የሚሰረዘው ኮድና የወረዳ መስሪያ ቤቶች ኮምፒውተሮች

የሊኑክስ ስርዓተ ክወና አዘጋጆች እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 ባወጡት 4.17 እትም የስምንት ፕሮሰሰር ዓይነቶችን ድጋፍ በመሰረዝ፣ ግማሽ ሚሊዮን ያህል የኮድ መስመር ከከርነሉ፣ ማለትም ሃርድዌሩን ከሚያስተዳድረው የስርዓቱ እምብርት፣ አስወግደዋል። ቀደም ሲልም እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው 3.8 እትም የ386 ፕሮሰሰርን ድጋፍ አቋርጧል። ሊኑስ ቶርቫልድስ ስራውን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው በዚሁ ፕሮሰሰር መሆኑ ውሳኔውን አላስቀረውም።

ምክንያቱ የቦታ ጥበት አይደለም። የማይሰራበት ኮድ ሌላው ክፍል በተሻሻለ ቁጥር አብሮ መስተካከል ይኖርበታል፤ የሚፈትሸው ከሌለም ስህተቱ ሳይታወቅ ይቆያል።

ይሁንና ተጠቃሚ አለመኖሩ የሚረጋገጠው በቆጠራ አይደለም። የመሰረዙ ሐሳብ አስቀድሞ ይገለጻል፤ ኃላፊነት የሚወስድ ባለሙያ ካልቀረበ ኮዱ ይወጣል። በ2018 ሄክሳጎንና ዩኒኮር32 የተረፉት ተከታታይ ባለሙያ ስለነበራቸው ነው፤ ዩኒኮር32 በ2020 እርሱም ተሰርዟል።

በምዕራብ አርሲ ዞን በኩየራ ወይም በመሰል አነስተኛ ከተማ የሚገኝ መስሪያ ቤት በእርዳታ ያገኘውን አሮጌ ኮምፒውተር በሊኑክስ ቢያሰራ፣ በዚያ ውይይት ላይ የሚወክለው አይኖርም። ማሽኑ በቀድሞው እትም መስራቱን ይቀጥላል፤ የእትሙ የደህንነት ማስተካከያ ሲቋረጥ ግን ለጥቃት ይጋለጣል። በመሆኑም የንብረት ክፍል መዝገብ ከመለያ ቁጥሩ በተጨማሪ የፕሮሰሰሩን ዓይነትና የከርነሉን እትም ሊይዝ ይገባል።