ወፍራም ዘይት አዲስ ሞተር አይጠብቅም!

ለሠፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፣

በሠፈራችን አንድ ጎጂ ልማድ እየተስፋፋ ስለሆነ ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም። ገና አዲስነቱ ያልጠፋ መኪና ለያዘ ሰው ሁሉ የሚሰጠው ምክር አንድ ሆኗል፤ «ወፍራም ዘይት አድርግበት፣ ሞተር የሚጠብቀው ወፍራም ነው» ይባላል። ሌላው ደግሞ «ዘይት ያው ዘይት ነው፣ ርካሹን ግዛ» ይላል። ሁለቱንም አነጋገር አጥብቀን እንቃወማለን። በብድርና በዕቁብ የተገዛ ንብረት የሚጠፋው በእንዲህ ያለ ወሬ ነው።

ምክሩን የሚሰጡት ክፉ ሰዎች ናቸው አንልም። አብዛኞቹ በቀድሞ መኪናዎች ላይ ብዙ ዓመት የለፉ ሾፌሮችና መካኒኮች ናቸው። ያረጀ ሞተር ውስጡ ተበልቶ ክፍተቱ ስለሰፋ ወፈር ያለ ዘይት ሊስማማው ይችላል። የአዲስ ሞተር ክፍተት ግን ጠባብ ነው፤ ዘይት የሚያልፍበትም መንገድ ቀጭን ነው። ጠዋት ሞተር ሲነሳ ዘይቱ ከታች ተስቦ ቶሎ ላይ መድረስ አለበት። ከታዘዘው በላይ ወፍራም ከሆነ ይዘገያል፤ እሱ እስኪደርስ ብረት ከብረት ይፋተጋል። ነዳጅም ይበላል። ታዲያ ጥበቃው የት አለ?

በዘይቱ ዕቃ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ከባድ አይደለም። «5 ደብሊው 30» ቢል፣ የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስ፣ የኋለኛው ሞተሩ ሲግል የሚኖረውን ውፍረት ያመለክታል። «ኤ ፒ አይ» ከሚለው ቀጥሎ በ«ኤስ» ፊደል የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በ«ሲ» የሚጀምረው ለናፍጣ ነው። ብዙ አዳዲስ የቤንዚን አውቶሞቢሎች 0 ደብሊው 20 ወይም 5 ደብሊው 30 ይጠይቃሉ። ባለ አራት ምት ባጃጅ ግን 20 ደብሊው 50 ይፈልጋል። እንግዲህ ለጎረቤት የሆነ ሁሉ ለእኛ አይሆንም ማለት ነው። የሚወስነው ከመኪናው ጋር የመጣው መጽሐፍ ነው። በእንግሊዝኛ ወይም በዐረብኛ ነው ብለን መሳቢያ ውስጥ ጥለነዋል። ልጆቻችን ያንብቡልን እንጂ! ለዚህም አይደል የምናስተምራቸው?

«አዲስ ስለሆነ ዘይቱ አይነካ» የሚሉም አሉ። አዲስ ሞተር እስኪላመድ ድረስ ደቃቅ ብረት ያራግፋል። ስለዚህ ባጃጅና ሞተር ብስክሌት የመጀመሪያው ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ይቀየርላቸዋል። አውቶሞቢል በብዛት ከ5,000 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር፣ ወይም ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ነው፤ ቀድሞ የሞላው ይሠራል። አቧራ፣ መጨናነቅና አጭር ምልልስ ካለ ደግሞ ከዚያም ማሳጠር ያስፈልጋል። ይህ የእኛው መንገድ አይደለም እንዴ?

ይህን ያህል የምንጮኸው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በእጃችን ያለችው ብትበላሽ እንዳምናው በሌላ እንተካታለን ብለን የምንዝናናበት ጊዜ አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ ግን የሞተር ዘይት የሚባል ነገር ስለሌላት «ይቀየርላት» ለሚላችሁ ገንዘባችሁን አትስጡ።

ስለዚህ፦
1ኛ/ መጽሐፉ ከሚያዘው ቁጥር ውጭ ዘይት አይገዛ።
2ኛ/ እሽጉ ያልተከፈተ ይገዛ፤ ከጀሪካን የሚቀዳ ይቅር።
3ኛ/ ፊልትሮው ከዘይቱ ጋር አብሮ ይቀየር።
4ኛ/ ባዶው ዕቃ ተቀዶ ይጣል፤ ካልተቀደደ ሌላ ዘይት ተሞልቶበት ተመልሶ ይሸጥልናል።
5ኛ/ የተቃጠለ ዘይት ቦይ ውስጥ አይደፋ፤ ለሚረከብ ጋራዥ ይሰጥ።

መጽሐፉን ማንበብ የከበደው ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይዞት ይምጣ፤ አብረን እናየዋለን። ሞተር ከወረደ በኋላ መካሪ ብዙ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል!

የማኅበሩ ጸሐፊ
ስለ ሥራ አመራር ኮሚቴው