ለአርሲ ደጋ የሚስማማ መሣሪያ ይምጣ

ንግድ ማለት ዕቃን ከሩቅ አገር አምጥቶ መሸጥ ብቻ አይደለም፤ የሚመጣው ዕቃ የሚሠራበትን አገር ጠባይ ዐውቆ መምረጥም ጭምር ነው። ይህን የምንልበት ምክንያት፥ የዶሮ ቤትንና የበረትን ሙቀትና አየር በራሱ የሚቆጣጠር መሣሪያ ለአሰላና ለአርሲ ደጋ ለማቅረብ የሚያስብ ነጋዴ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊመረምረው የሚገባ ነገር ስላለ ነው።

የአርሲ ገበሬ ለዘመናዊ የከብት አያያዝ እንግዳ አይደለም። በ1960 ዓ. ም. በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመው፥ በአሕጽሮት ካዱ የተባለው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት የአገሩን ላም ከፍሪዥያን ዘር ጋር በማዳቀል ክልስ ላሞችን ለገበሬው እንዳዳረሰ ይታወቃል። በከተማይቱ የሚገኘው የብቅል ፋብሪካም ገብሱ በደንብ እንዲበቅል እርጥበቱንና ሙቀቱን እየለካ ይሠራል። ለገብስ ያልበዛ ጥንቃቄ ለጫጩት በዛ ሊባል አይገባም።

ችግሩ ያለው ከመሣሪያው ምርጫ ላይ ነው። በዓለም ገበያ በብዛት የሚቀርበው ሙሉ መሣሪያ የተሠራው ለሞቃት አገር ነው፤ ይኸውም በቤቱ አንድ ጫፍ ታላላቅ ማራገቢያዎችን፥ በሌላው ጫፍ ደግሞ ውሃ የሚፈስበትን ማቀዝቀዣ ግድግዳ የያዘ ነው። ይህ ለቆላው ተገቢ ነው። አሰላ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ በቆጂም 2,800 ሜትር ያህል ትደርሳለች። በዚህ አገር ቀኑ ለዘብ ያለ ሲሆን ሌሊቱ ይበርዳል፤ የጥቅምትንና የኅዳርን ውርጭም የማያውቅ የለም።

የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከዚያም በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየተቀነሰለት ይለምዳል። ሌሊቱን የሚፈራ አርቢ ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኖ ከሰል ያነድዳል። በዚህ ጊዜ ብርዱ ቢቀርም እርጥበቱ፥ የኵሱ አሞኒያና የከሰሉ ጭስ ከቤቱ ውስጥ ይታፈናሉ፤ የከሰሉም መርዝ ጫጩቱን ብቻ ሳይሆን አብሮ የሚያድረውን ጠባቂ ጭምር ሊገድል ይችላል። በዚህ ላይ በአሰላ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በፍጥነት የሚያድገው የሥጋ ዶሮ ልቡና ሳንባው ሲደክሙ ሆዱ ውሃ ቋጥሮ የሚሞትበት ሕመም በደጋ አገር ይበረታል፤ ብርድና የታፈነ አየርም ያባብሱታል። እንግዲህ የአርሲ አርቢ ጠላቱ የቀን ሙቀት ሳይሆን የሌሊት ብርድና የታፈነ አየር መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ትንሽ ነው። አስቀድሞ ቤቱ ይበጅ፤ ከቆርቆሮው ሥር ሙቀት የሚይዝ ልባስ ይግባ፥ የንፋስ መግቢያው ስንጥቅ ይደፈን፥ በጣራው ጫፍ የአየር መውጫ ይተው፥ በጎኑም የሚጠቀለል ሸራ ይዘርጋ። ከዚያ በኋላ አንድ የሙቀት መለኪያ፥ አንድ መቆጣጠሪያ፥ ማሞቂያና አነስተኛ ማራገቢያ ይበቃሉ። መቆጣጠሪያው ብርድ ሲሆን ማሞቂያውን ያበራል፤ ማራገቢያውንም በየጊዜው ለጥቂት ደቂቃ እያስነሣ እርጥቡን አየር ያስወጣል። ማሞቂያውና ማራገቢያው በአንድ መቆጣጠሪያ ይታዘዙ ማለታችን በከንቱ አይደለም፤ በተለያየ መቆጣጠሪያ የሚሠሩ እንደ ሆነ አንዱ ያሞቀውን ሌላው እያስወጣ ኤሌክትሪኩ ሌሊቱን ሙሉ በከንቱ ይባክናል። ፍጥነቱ የሚቀነስ ማራገቢያም ዋጋው ቢወደድ ትርፉ የታወቀ ነው፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚፈጀው ኀይል ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳልና።

ለላሞች ደግሞ ማሞቂያ የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛውን ይጎዳል። የምትታለብ ላም ብርድን ትችላለች፤ የምትፈልገው ደረቅ መኝታ፥ ከንፋስ የተከለለ ጎንና የተከፈተ የጣራ ጫፍ ነው። ለጥጃም የአርሲ ገብስ ጭድ በደንብ ከተነጠፈለት መልካም ብርድ ልብስ ነው።

አስመጪዎች ከአምራቹ በጽሑፍ ሊጠይቁት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። የኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ወትሮው የሚመዘነው እስከ 1,000 ሜትር ለሚደርስ ከፍታ ነው። በአሰላ አየሩ ስለ ሳሳ ሞተሩ በቶሎ አይበርድም፤ ያው ማራገቢያም የሚያስገባው አየር ክብደቱ ያንሳል። ተራ የዲዝል ጀነሬተርም በዚህ ከፍታ ከኀይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን ወይም ከዚያ የበለጠውን ያጣል። ይህን ሳይጠይቅ ያዘዘ ሰው የተቃጠለ ሞተርና የተቈጣ ደንበኛ ያተርፋል።

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. ስለ ተመረቀ ስለ ኀይል ቁጠባ መናገር ለምን ያስፈልጋል የሚል ቢኖር፥ መልሳችን አጭር ነው። ግድቡ የአገር ነው፤ ቆጣሪው ግን የአርቢው ነው። የኤሌክትሪክ ታሪፍም ከመስከረም 2017 ዓ. ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተደርጓል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ. ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም በማይረባ ዕቃ ላይ የሚወጣው እያንዳንዱ ዶላር በብር ሲመነዘር ከቀድሞው ይልቅ ከብዷል።

ባለሱቆችም ድርሻ አላቸው። መሣሪያውን የሚሸጥ ሱቅ መለኪያውንና የማራገቢያውን ቀበቶ በመለዋወጫነት ያኑር፤ የሚተክልና የሚጠግን ባለሙያም ይወቅ፤ መብራት በጠፋ ጊዜ ሸራው በእጅ የሚከፈትበትን ማጠንጠኛ ሳይጨምር አይሽጥ። የተዘጋ ቤት ውስጥ ማራገቢያው የቆመ እንደ ሆነ መንጋው ሳይነጋ ሊያልቅ ይችላልና።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ ጥንቃቄው ከግዢው በፊት መሆን አለበት። በአንድ ሌሊት መንጋውን ያጣ አርቢ ወደዚያ ሱቅ አይመለስም፤ ጎረቤቱንም ያስጠነቅቃል። በትንሽ መሣሪያ ያተረፈ አርቢ ግን ነገ ለሁለተኛ ቤቱ፥ ከነገ ወዲያም ለልጁ ቤት ይገዛል። ስለዚህ ነጋዴዎቻችን ካታሎጉን ከመግለጣቸው በፊት የአርሲን ሌሊት እንዲለኩ እናሳስባለን።