አረንጓዴው ሐሰተኛ ምስክር፦ የአፋር ዕፅዋትና የዱር እንስሳት ለማን ይናገራሉ?

ከአዋሽ ተነሥቶ በገዋኔ፣ በሚሌና በሰመራ በኩል ወደ ዲቾቶና ወደ ጋላፊ የሚጓዝ መንገደኛ ከመስኮቱ ሁለት ዓይነት ምድር ያያል። በመካከለኛው አዋሽ ሸለቆ መንገዱን ግራና ቀኝ የሚያጅብ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ አለ፤ ከሰርዶ ወዲያ ደግሞ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ደረቅ ሜዳ ይቀበለዋል። የመጀመሪያውን ልምላሜ፣ ሁለተኛውን ባድማ ብሎ ያልፋል። ሁለቱም ፍርዶች የተሳሳቱ ናቸው። የሚያሳስበው ግን ስሕተቱ የመንገደኛው ብቻ ሳይሆን አልፎ አልፎ የተመራማሪውም መሆኑ ነው።

ልምላሜ የተባለው በአብዛኛው ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ነው። ይህ የአሜሪካ አህጉር ተክል በ1970ዎቹ ዓ.ም. ወደ መካከለኛው አዋሽ የገባው በመስኖ እርሻዎች አካባቢ ጥላ እንዲሰጥና ነፋስ እንዲከላከል ታስቦ ነበር። ከብትና ፍየል ጣፋጭ ፍሬውን ይበላሉ፤ ፍሬው ውስጥ ያለው ዘር ሳይፈጭ ከፋንድያ ጋር ወጥቶ በደረሱበት ሁሉ ይበቅላል። ጎርፍም የራሱን ድርሻ ያደርሳል። ተክሉ በክልሉ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት እንደ ወረረ ጥናቶች ያመለክታሉ፤ የወረረውም በድርቅ ጊዜ የአርብቶ አደሩ መጠጊያ የነበረውን የወንዝ ዳር ግጦሽ ነው። እንግዲህ አረንጓዴነት እዚህ የሚመሰክረው ሣር መጥፋቱን ነው። ከሳተላይት ምስል የተሰላ የዕፅዋት ሽፋን መለኪያ ብቻውን ይህን አይለይም፤ ለመለኪያው ሣርም እሾህም ቅጠል ናቸው። ልዩነቱን ለማወቅ ተክሉ በበጋም አረንጓዴነቱን እንደማይለቅ መከታተልና ሜዳ ወርዶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

አፋሮች ይህን ተክል «ደርጊ ሐራ» ይሉታል፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። ስሙ ተክሉ በማን ዘመን እንደ መጣ ይናገራል፤ የላቲኑ ስም ይህን አይነግረንም። በመመረቂያ ጽሑፎቻችን ግን የአካባቢው ስም፣ ከተጠቀሰም፣ ለጌጥ ያህል በቅንፍ ይቀመጣል። በእኔ እምነት ይህ ስም ራሱ ማስረጃ ሆኖ ሊተነተን ይገባዋል።

ባድማ የተባለው ምድር ደግሞ ባዶ አይደለም። ከሚሌ እስከ ሰርዶ ያለው አካባቢ የአፍሪካ የዱር አህያ ጥብቅ ስፍራ ነው። እንስሳው የለማዳው አህያ የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ በዓለም አቀፉ የቀይ መዝገብ እጅግ ከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ውስጥ ተመድቧል፤ የቀረውም በኢትዮጵያና በኤርትራ ጥቂት ስፍራዎች ብቻ ነው። እርሱን ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1977 የታቀደው የያንጉዲ ራሳ ፓርክ ዛሬ በስሙ የሚታወቅበትን እንስሳ ለማየት የሚታደሉበት ስፍራ አይደለም። እንስሳው ሰውን ስለሚሸሽ በጥቂት ቀናት የመኪና ቅኝት አለማየት አለመኖሩን አያረጋግጥም፤ ኮቴና ፋንድያ ከመነጽር ይልቅ ይናገራሉ። እነርሱን ከለማዳ አህያ ዱካ ለመለየት ግን የአካባቢውን ሰው ዓይን መዋስ ግድ ይላል።

የሸለቆው ጥንታዊ ታሪክም ቢሆን የተነበበው በእንስሳትና በዕፅዋት ቅሪት ነው። በአራሚስ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረው አርዲፒቴከስ ራሚደስ ሲገኝ፣ አብረው የተገኙት የዝንጀሮና የአጋዘን ወገን ቅሪቶች ስፍራው ደን ቀመስ እንደ ነበር አጥኚዎቹን አሳመኗቸው። ሌሎች ሳይንቲስቶች የአፈሩን የካርቦን አይሶቶፕ መሠረት አድርገው ዛፍ የተበተነበት የሣር ምድር ነበር ብለው ተከራከሩ። አንድ ስፍራ፣ ሁለት ንባብ! ከአራሚስ ዘመን የተረፈ ሰው የለምና ክርክሩን በቅሪት ብቻ መጨረስ ይገደዳሉ። እኛ ግን የሚጠየቅ ሰው እያለ አንጠይቅም።

አፋር መንጋውን ከማንቀሳቀሱ በፊት «ኤዶ» የሚባል አሳሽ ይልካል። አሳሹ የት እንደዘነበ፣ የትኛው ሣር እንደ በቀለ፣ ውኃው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ በሽታና አውሬ መኖር አለመኖሩን አይቶ ይመለሳል። ያየውም በ«ዳጉ» ሥርዓት ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋል፤ በዳጉ የሐሰት ወሬ ማቀበል ነውር ነው፣ ሰሚውም ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሰማው ይለይለት ዘንድ ይጠይቃል። ምንጭን የመመርመር ልማድ በዩኒቨርሲቲ ብቻ የተፈጠረ አይደለም።

የቃል መረጃ አይለካም፣ አድልዎም አለበት የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት አለው፤ ግጦሽ ያጣ ሰው የጥንቱን ሣር ከነበረው አብዝቶ ሊያስታውስ ይችላል። መልሱ ግን መረጃውን መተው ሳይሆን እንደማንኛውም መረጃ መፈተን ነው። በሰመራም ሆነ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ስለዚህ ምድር የሚጽፍ ተማሪ በመስክ ቅጹ ላይ ሦስት ዓምዶች ቢጨምር ብዙ አይከብደውም፦ የተክሉ ወይም የእንስሳው የአፋርኛ ስም፣ ተናጋሪው ራሱ ያየው ወይስ የሰማው መሆኑ፣ እና የታየበት ወቅት። ከዚያ የሳተላይቱ ካርታና የአሳሹ ቃል በተለያዩበት ነጥብ ላይ ወርዶ ማየት ነው፤ እስካሁን ግን እንዲህ ያሉ ነጥቦች ከትንተና ውጭ እየተደረጉ ይቀራሉ።