ለማሲንቆው መሳፈሪያ

እዚህ ወሎ፣ የየጁ ወላጅ ልጁ ማሲንቆ ሲመታ ደስ ይለዋል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሙዚቃ ልማር ሲለው ግን ፊቱ ይቀየራል፤ «መጀመሪያ ዲግሪህን ያዝ፣ ሌላው ይደርሳል» ይለዋል። አልፈርድበትም። ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄም ብሪታንያ የተላከው ምሕንድስና እንዲማር ነበር። ሐሳቡን ወደ ሙዚቃ ቀይሮ ለንደን ትሪኒቲ፣ ቀጥሎም ቦስተን በርክሊ ገባ። እሱ ግን ደህና ኑሮ ካለው ቤት የወጣ ልጅ ነበር።

አሜሪካኖቹ ይህን የአባትና የልጅ ክርክር የሚያስታርቁበት ዘዴ አላቸው። ኦበርሊን ኮሌጅ የገባ ተማሪ በ5 ዓመት ሁለት ዲግሪ መያዝ ይችላል፤ አንዱ በመሣሪያው፣ ሌላው ባሻው ትምህርት። የባርድ ኮሌጅ የሙዚቃ ክፍል ደግሞ ሁለተኛውን ዲግሪ ግዴታ አድርጎ ነው የጀመረው። ታዲያ ተጫውተህ መፈተን አለብህ፤ የገንዘብ ድጋፍ ከፈለግህም የወላጅህን ገቢ በሰነድ ታሳያለህ። መርሳ ላይ ማንጎ የሚሸጥ አባት የደመወዝ ወረቀት ከየት ያመጣል?

ሁለትና ሦስት ሙያ ማጣመሩ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የአብነት ተማሪ ቅኔውን ጎጃም ተቀኝቶ፣ ድጓውን ጋይንት ቤተልሔም አስመስክሮ፣ አቋቋሙን ጎንደር ወርዶ ይማር ነበር። ዳባ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲዞር ቁራሽ የሰጠው የመንደሩ ሰው ነው። ያ ሰው ማመልከቻ አላስሞላውም፤ ዜማ ምን ያበላሃል ብሎም አልጠየቀው። ዓመታት የሚፈጀውን ትምህርት የቻለው የድሃ ገበሬ እንጀራ ነው። በእስልምናው በኩል የየጁ የዳና መንዙማም ቢሆን ያለ ሕዝቡ ድግስና ስጦታ እዚህ ባልደረሰ። ያው ሕዝብ አሁን ለዘመናዊው የሙዚቃ ተማሪ እጁ አልፈታ ያለው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ምናልባት አዝማሪ የሚለው ስድብ ገና ስላልለቀቀን ይሆናል።

ወደ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት እንምጣ። ፈተናው ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ከወልድያ 520 ኪሎ ሜትር ገደማ። የ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻ አይበቃም፤ ጆሮህ፣ ድምፅህና ምት አጠባበቅህ ይታያል። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከወሎ ነው፤ አምባሰል እንዲያውም መርሳ ያለችበት የሀብሩ ወረዳ ድንበርተኛ ነው። ቅኝቱን ከእናቱ እንጉርጉሮ የቀሰመው ልጅ ግን መሳፈሪያና የሁለት ቀን ማደሪያ አጥቶ ይቀራል። መንገዱ በተዘጋበት ሳምንት ደግሞ ብርም ቢኖረው አይደርስም።

ቢያልፍስ? በ1995 ዓ.ም. የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ምግቡንና መኝታውን ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪም ቢያንስ 15 በመቶውን በስሙ ያስመዘግባል፤ ተመርቆ ሲሠራ ከገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፍላል። ደንቡ የታሰበው ለደመወዝተኛ ነው። ማታ ማታ የሚጫወት ሰው ገቢ አንድ ወር ሞልቶ ሌላው ወር ባዶ ነው። ቫዮሊን ወይም ክላርኔት የሚገዛበት ብድር ደግሞ ሰምቼ አላውቅም።

የውጭ ዕድልም ቢሆን ዋስትና የለውም። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ ከያሬድ ወጥቶ ሶፊያ እየተማረ ሳለ የቡልጋሪያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ትምህርቱ ተቋርጦ ጣሊያን ገባ፣ ኋላ ተመልሶ ጨረሰ። ስንቱ እንዲህ ይመለሳል?

ስለዚህ ሁለት ዲግሪ ይሰጠን ብዬ አልጮህም፤ ከዚያ በፊት የሚቀድም አለ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘርፎም ቆሞ የሚያስተምር ተቋም ነው፤ መርሳ ላይም ግቢ አለው። ያሬድ በዓመት አንዴ ሁለት መምህራን ልኮ እዚህ አንድ አዳራሽ ውስጥ ቢፈትን ወጪው ከባድ አይሆንም። ዩኒቨርሲቲውም በበኩሉ ግብርና ወይም ሒሳብ ለሚማረው ማሲንቆ መቺ የማታ የሙዚቃ ሥልጠና በሰርተፊኬት ቢከፍትለት፣ አባትም ልጅም ይስማማሉ።

አዲስ አበባና ውጭ አገር ያላችሁ የወልድያና የሀብሩ ልጆች፣ ስትሰባሰቡ ለድግስ ከምታዋጡት ላይ ቀንሱና የአንድ ተፈታኝ መሳፈሪያና ማደሪያ ሸፍኑ። የ12ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ወላጆችም የያሬድን መመዝገቢያ ጊዜ ዘንድሮ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ውጤት እስኪመጣ ከጠበቃችሁ ሊያልፋችሁ ይችላል።